የመናገሻ ጥድ፦ እውነት ዘርዓ ያዕቆብ ነው ያስተከለው?

ሄለን ዘሰበታ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ሰሞኑን ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ነበር። ደኑ ያለበትን የወጨጫን ተራራ ከሰበታ በኩል ሳየው ነው ያደግኩት፤ ውስጡ ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ከመግቢያው ትንሽ አለፍ እንዳልን ትልልቆቹ ጥዶች ጀመሩ። አንዱን ግንድ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው ያቀፍነው። ጉሬዛ በሽበሽ ነው። ድኩላም አየን፤ አንዴ ቆሞ አየንና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

አስጎብኚያችን ደኑን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው አለን። ዘሩ የመጣው ከወፍ ዋሻ እንደሆነም ነገረን። እኔ በጣም ደስ አለኝ። አብራን የነበረች ጓደኛዬ ግን «ተራራ ሙሉ ደን ማን ይተክላል? ዝም ብሎ የሚወራ ነው» አለች። እስከ አየር ጤና ድረስ ስንከራከር መጣን።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ታሪኩ እውነት ነው ወይ? ማለቴ፣ እነዚያ የቆሙት ዛፎች የዚያን ዘመን ናቸው? ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ የገረመኝ ነው። አዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ሆኖ ይኼ ደን እንዴት ተረፈ? እንጦጦ ባህር ዛፍ ብቻ ሆኖ እዚህ የሐበሻ ጥድ እንዴት ቀረ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ዲያቆኑ

እህታችን፣ ታሪኩ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በጊዜው የተጻፈ የተከላ መዝገብ አምጣ ብትዪኝ የለኝም። ግን ቦታውን አስቢው። ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት በፈረንጆች ከ1434 እስከ 1468 ነው። የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከተማዋን የቆረቆሯትም እሳቸው ናቸው። ወፍ ዋሻ ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ገደሉ ላይ ያለ ደን ነው። ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አፈ ታሪኩ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አመጡ ሲል ያለ ቦታው የገባ ነገር አይመስለኝም። በዚያ ላይ ጥድ መትከል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በየደብሩ ግቢ ያለውን ጥድ ማን ተከለው?

ስለ ዛፉ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ይመልስ።

ጋሽ ደን

ሄለን፣ ሁለቱም ጥያቄሽ የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔ ወንዶ ገነት ደን ተምሬ ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ወጨጫ ላይም ሠርቻለሁ። ከዛፉ ልጀምር፤ ነገሥታቱ ይደርሳሉ።

የሐበሻ ጥድ ብርሃን ይወዳል። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር ዘሩ ቢበቅል እንኳ ብዙ አይሄድም፣ ይቀጭጫል። እነዚያ ያቀፋችኋቸው ትልልቅ ጥዶች ሥር ዝቅ ብለሽ ብትፈልጊ የጥድ ችግኝ ማግኘት ይቸግርሻል። የምታገኚው ቀጨሞ ነው፣ አጣጥ ነው፣ እምቡስ ነው፣ አልፎ አልፎ ወይራ ነው። እና እነዚህ ጥዶች በተነሡበት ጊዜ መሬቱ ገላጣ ነበር ማለት ነው። ወይ እሳት በልቶታል፣ ወይ ታርሶ ተትቷል፣ ወይ ሰው አስቦበት ተክሎታል። ተመሳሳይ ቁመት ያላቸው ጥዶች ባንድ ላይ ቆመው ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ ይኼ ነው፤ እዚህ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ተደርጓል።

ለጓደኛሽ የምመልሰው እንዲህ ነው። ተራራውን ሙሉ መትከል የሚያስፈልገው ሰው የለም። ገላጣው ላይ በየቦታው ካስተከልሽ የቀረውን ወፎች ይሠሩታል። የጥድ ፍሬ ሲበስል ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ትንሽ ድቡልቡል ነው። ወፍ ይወደዋል። ይበላዋል፣ ዘሩን ሌላ ዛፍ ላይ ወይ ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብሎ ይጥለዋል። በነገራችን ላይ ፍሬ የማያፈራ ጥድ ካየሽ አትደነቂ፤ ጥድ ወንድና ሴት አለው።

ግን ደኑ ጥድ ብቻ አይደለም። ዝቅ ያለው እርጥብ ቦታ ላይ ዝግባ አለ። ከፍ ስትዪ ኮሶ ትጀምሪያለሽ። ጫፉ ወደ 3,385 ሜትር ነው፤ እዚያ ስትደርሺ ዛፉ አልቆ ቁጥቋጦው አስታና አምጃ ይሆናል፣ በመካከሉ ጅብራ ቆሞ ታዪያለሽ። ይኼን ማንም አልተከለውም። የተራራው የራሱ ልብስ ነው። የእኔ አስተያየት ስለዚህ እንዲህ ነው፦ ጥንትም ደን ነበር፤ ታችኛው ክፍሉ በሆነ ዘመን ተመነጠረ፤ ከዚያ ጥድ ለበሰ። ንጉሡ አስተክለው ሊሆን ይችላል። ዛፎቹ የሚያሳዩትና አፈ ታሪኩ የሚለው አይጣሉም። ከዚህ በላይ እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ ማስረጃውን እጠይቀዋለሁ።

የቆሙት ግን የዚያን ዘመን ዛፎች ናቸው ለማለት ይከብዳል። ከዘርዓ ያዕቆብ ወዲህ 550 ዓመት አልፏል። የትልልቆቹን ዕድሜ ብዙ ሰው 400 ዓመት ይላል። ቢሆንም እንኳ የተተከሉት ዛፎች ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ናቸው። ቀለበቱን ቆጥሮ ቁርጡን ማወቅ አይቻልም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ጥድ ላይ ይኼ አስቸጋሪ ነው። እኛ አገር በልግም አለ ክረምትም አለ። በልጉ ጥሩ በሆነ ዓመት ዛፉ ሁለቴ ሊያድግና ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በድርቅ ዓመት ደግሞ በግንዱ አንድ ጎን ቀለበቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በዚያ ላይ ያረጀ ጥድ ልቡ ይበሰብሳል። ከውጭ ግዙፍ ነው፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ ያደገው ክፍል ከሌለ ከምን ትቆጥሪያለሽ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። እኔን ዕድሜ ልኬን ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው።

ሰው ሁሉ «ነገሥታቱ ስለጠበቁት ተረፈ» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከግራኝ ጦርነት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በ1636 በፈረንጆች ጎንደር ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ለወጨጫ ዘበኛ የሚያቆም ንጉሠ ነገሥት ቅርብ አልነበረም። ደኑ ግን አልጠፋም። በዙሪያው ይኖር የነበረው የኦሮሞ ገበሬ ነው፣ ከብት አርቢ ነው። እንጨት ይቆርጥ ነበር፤ ለቤቱ ምሰሶ፣ ለአጥሩ፣ ለማገዶው። ቀፎ ይሰቅል ነበር። ይኼ ሁሉ ተደርጎ ደኑ ቆየ። ምክንያቱም ግንድ የሚገዛ አልነበረም። መንገድ በሌለበት፣ መጋዝ በሌለበት፣ ግዙፍ ዝግባ ብትጥዪ ምን ታደርጊበታለሽ? ደንን ውስጡ የሚኖር ሰው ብቻውን አይጨርሰውም፤ ገበያ ሲመጣ ነው የሚያልቀው።

ገበያው የመጣው ከከተማው ጋር ነው። ምኒልክ መጀመሪያ እንጦጦ ነበሩ፤ በ1886 በፈረንጆች ከተማው ወደ ፍልውኃው ወረደ፣ አዲስ አበባ ሆነ። አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም የመጣው። ሠራዊቱ አለ፣ መኳንንቱ ከነአጃቢው አለ፣ ነጋዴው አለ። ሁሉም ቤት ይሠራል፣ ሁሉም ያጥራል፣ ሁሉም እንጀራ ይጋግራል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያው ተራራ ተራቆተ። ማገዶ ተሸካሚውና አህያው በየዓመቱ ራቅ ራቅ እያለ ሄደ። ከቅርቡ ትልቅ እንጨት የቀረው መናገሻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ከፍቶ ምኒልክ ዋና ከተማውን ሊያነሡ ደርሰው ነበር። በ1900 አካባቢ፣ በፈረንጆች ነው፣ አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከመናገሻ አልፎ ነው። እስቲ አስቢው፤ ከተማው እዚያ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ወጨጫ የሁለት ከተማ ማገዶ ይሆን ነበር። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ይኼ ያስደነግጠኛል። በኋላ ሐሳቡ ቀረ። ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የዛሬዋ አዲስ ዓለም ማርያም ናት።

ሐሳቡ እንዲቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባህር ዛፍ ነው። በፈረንጆች 1890ዎቹ አጋማሽ ነው የገባው። ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ ስሙ አብሮ ይነሣል። ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመት ማገር ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል። ከተማው በራሱ ጓሮ እንጨት አገኘ።

ባህር ዛፍን የሚረግም ሰው ዛሬ ብዙ ነው። ውኃ ይመጥጣል፣ ሥሩ ምንም አያበቅልም ይባላል፤ አልክድም። ነገር ግን እንጦጦ ላይ ባህር ዛፍ ባይቆም መናገሻ ላይ ጥድ አይቆምም ነበር። ምኒልክ ደኑን የንጉሥ ደን አድርገው ማስከልከላቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን የሚበርደውንና የሚርበውን ከተማ በዘበኛ ብቻ ማቆም አይቻልም። ሌላ እንጨት መስጠት ነበረባቸው፤ ሰጡ። እኔ ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በጣሊያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ብዙ ዝግባና ጥድ በመጋዝ ሄዷል፤ ሱባ ላይ ስለነበረው መሰንጠቂያ ሽማግሌዎቹ ይነግሩሻል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የዘውድ ይዞታ የሚባለው ነገር አበቃ፣ ደኑም የመንግሥት ሆነ። የተራቆተው ክፍል ላይ የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ የሚባሉ ከውጭ የመጡ ዛፎች ተተከሉ። አሁን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው።

ሄለን ዘሰበታ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓደኛዬንም ልኬላታለሁ፣ እያነበበች ነው። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። የፈረንጅ ጥድም ተተክሏል ካሉ እኛ ያቀፍነው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? ፎቶ አለኝ፣ ግን ግንዱ ብቻ ነው የሚታየው።

ጋሽ ደን

ግንዱን ለብቻው ከሆነ ውፍረቱ ይነግርሻል። ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ከሆነ የሐበሻው ነው፤ የፈረንጁ እዚያ ገና ልጅ ነው። ደግሞ አተካከሉን እዪ። የፈረንጁ በመስመር በመስመር ነው የቆመው፤ በመካከሉ ብታዪ ቀጥ ብሎ ወዲያ ማዶ ይታያል።

እርግጠኛው ምልክት ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለስላሳ ነው፣ በጣት ይፈርጣል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ይበትናል። ፓቱላ ጭራሽ አያሳስትም፣ ቅጠሉ እንደ ፀጉር ረጅም ሆኖ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው።

የሆለታው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያደግኩት ከተራራው በወዲያኛው በኩል ነው፤ ደኑ የቤታችን ጓሮ ነበር ማለት ይቻላል። ጋሽ ደን ስለ ገበያው ያሉት እውነት ነው፤ የቤቴን ነገር ልጨምርበት።

አያቴ ኮሶ የምታወርደው ከዚያ ነበር። የኮሶ አበባ ሲደርስ ቀይ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ያን አድርቃ ለጎረቤት ሁሉ ታድል ነበር። ወይራ ለእንስራና ለጋን ማጠኛ። ቀፎውን አያቴ ወንዱ ነው የሚሰቅለው። እሳቸው ዘንድ ሕግ ነበረው፤ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ በመጥረቢያ አይነካም። ማንም አይነካም፣ የጠላት ቀፎ ቢሆንም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ዛፍ እንደቆየ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እና «ንጉሡ ጠበቁት» ሲባል ልቤ ሙሉ አይሆንም። በንጉሥ ደን አጠገብ መኖር ቀላል አልነበረም። አያቴ እንደሚሉት ለምጣድ የሚሆን እንጨት ይዞ የተገኘ ሰው መጥረቢያውን ይነጠቅ ነበር። ምሰሶ ከሆነ ይታሰራል። ለትልቅ ሰው ቤት የሚሄድ ግንድ ግን በጠራራ ፀሐይ ይጎተት ነበር፤ የሚጎትተውም ያው የሰፈሩ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ይኼን ሲያወሩ አሁንም ፊታቸው ይለወጣል። ደኑን ይወዱታል፤ ክልከላውን ግን አይወዱትም። ታሪኩ ሲነገር ይኼም ይነገርልን።

ሌላው ደግሞ ዛሬም እናቶች ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ ታያላችሁ። የሚሸከሙት ወደው አይደለም። ጋሼ፣ እርስዎ ከተማው ሌላ እንጨት ስላገኘ ደኑ ተረፈ አሉ። ታዲያ እነዚህ እናቶች ሌላ ምን አገኙ?

ጋሽ ደን

ወንድሜ፣ የአያትህን ሕግ እኔው ቀድሜ ጽፌው ቢሆን ደስ ባለኝ። የቀፎውን ነገር እኔም ከሌሎች አካባቢዎች አውቀዋለሁ፤ ከዘበኛ ይልቅ የሚሠራ ነገር ነው። ሰውየው ከዛፉ መቆም በየዓመቱ የሚያገኘው ማር አለ።

ስለ እናቶቹ ያነሣኸው ዋናው ነገር ነው። ምኒልክ ለከተማው ባህር ዛፍ ሰጡ። በደኑ ዳር ላለው ሰው ማን ምን ሰጠ? ጓሮው ጠባብ ነው፣ የእርሻ መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። ደኑን ከሰው መጠበቅ የሚሉት አነጋገር እኔን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሥራ ላይ ሳለን የሚሳካልን የነበረው ደረቅ እንጨት ልቀሙ ብለን ቀን ስንሰጣቸውና ሣሩን አጭደው እንዲወስዱ ስንፈቅድ ነው። ከብቱ ውስጥ አይገባም፣ ሣሩ ግን ቤት ይደርሳል። በዚያ ዓመት ጠርዝ ላይ የበቀለው ችግኝ ሲያድግ አየነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያላለቀ ጉዳይ ስለሆነ። ትልልቆቹ ጥዶች እየወደቁ ነው። ልባቸው የበሰበሰ ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ ይሄዳሉ። እነሱ በወደቁበት ቦታ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ጥድ አይደለም፤ ቀድሞ ጥላው ሥር ይጠብቅ የነበረው ቅጠለ ሰፊው ነው። ደን ሆኖ ይቀጥላል፣ ጥዱ ግን ይሳሳል። ወጣት ጥድ ማየት ከፈለጋችሁ መንገድ ዳርና የደኑ ጠርዝ ላይ ፈልጉ፤ ብርሃን ያለው እዚያ ነው። ከብትና እግር የሚበዛውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ሄለን፣ ሐምሌ ላይ መሥሪያ ቤታችሁ ለችግኝ ተከላ ሲጠራችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። የሐበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ። ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ጠይቁ፤ ከዚያው ከወጨጫ ዛፎች ቢሆን ይመረጣል። ጥድ ቸኳይ ተክል አይደለም። ዘሩ ለመብቀል ጊዜ ይፈጃል፤ ለዘንድሮ ተከላ የሚሆን ችግኝ ቀደም ባለው ዓመት መፍላት አለበት። የምትተክሉትም ገላጣው ላይ ይሁን፤ ለፎቶ ያምራል ተብሎ ትልቁ ዛፍ ሥር እንዳይሆን።

ሄለን ዘሰበታ

እሺ ጋሼ፣ ለተከላ አስተባባሪያችን ይኼን እንዳለ እልክለታለሁ። የሆለታው፣ አንተ ደግሞ አያትህ ካሉ ሰላም በልልኝ። እንዲያወሩልህ ጠይቃቸውና ድምፃቸውን ቅዳ፤ ስለ ቀፎውም ስለ ዘበኛውም።

የሆለታው

አያቴ ወንዱ አርፈዋል። አያቴ ሴቷ ግን አሉ፣ ያስታውሳሉ። ለፋሲካ ስወርድ እቀዳለሁ፤ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ከሥሩ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።